የጋሼን ጆሮ ወደ ላፕቶፕ

አጎቴ መካኒክ ናቸው። መኪና ገና ጋራዡ በር ላይ ሲያቃስት ሕመሙን ይነግሯችኋል። እሳቸው በሌሉ ቀን ግን ተለማማጆቹ ጤነኛ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ፈተው ያወርዳሉ። እውቀታቸውን በሕግ መልክ ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጠው ብዬ ተነሳሁ።

ያለኝ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ስለዚህ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ በል» የሚሉ ሕጎችን ተቀብሎ የሚሠራውን ክሊፕስ (CLIPS) የተባለ መሣሪያ መረጥኩ፤ ነፃ ነው፣ ለማሽኑም አይከብድም። መነሻው ናሳ ነው፤ ሂዩስተን ባለው የጆንሰን የጠፈር ማዕከል በ1985 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ሊስፕ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩት የጊዜው መሣሪያዎች ውድ ነበሩ፣ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋርም በቀላሉ አይቀናጁም። ስለዚህ የናሳ ሰዎች ሲ (C) በሚባለው ቋንቋ የራሳቸውን ጻፉ። ለካ ናሳም ዋጋ ይወደድበታል!

አጻጻፉ አያስቸግርም። «ቁልፍ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ካለ፣ መብራቱም ከደበዘዘ፣ ባትሪውን ጠርጥር» ትሉታላችሁ። የትኛው ሕግ መቼ እንደሚሠራ ከመረጃው ተነስቶ ራሱ ይለያል።

ጣጣው ጋሼ ጋ ነበር። «ባትሪ መሆኑን በምን አወቁ?» ስላቸው «ድምፁ ይናገራላ!» አሉኝ። ሁለት ቅዳሜ ደብተር ይዤ ጠይቄ ያገኘሁት 11 ሕግ ብቻ። ከዚያ መጠየቁን ትቼ እጃቸውን መከታተል ጀመርኩ። የፊት መብራቱን ሳያበሩ ሞተሪኖ አይነኩም። ይህን አንድም ቀን አልነገሩኝም፤ ለእሳቸው የሚነገር ነገር አይደለማ። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ሆን ብሎ መሳሳት ነው። «ጋሼ፣ ይሄማ ካንዴላው ነው» ስላቸው ተናደው ካንዴላ ያልሆነበትን ምክንያት ይደረድሩልኛል። እኔ እጽፋለሁ።

ኮዱ ላይም ጉድ ሆኛለሁ። ምልክት ባየ ቁጥር የጥርጣሬውን ነጥብ የሚጨምር ሕግ ጻፍኩ። ነጥቡ ሲቀየር መረጃው እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ አዲስ ስለሆነም ያው ሕግ እንደገና ይነሳል። ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ይሽከረከር ነበር። «ይህ ምልክት ተቆጥሯል» የሚል መረጃ ስጨምርበት ቆመ። ለየሕጉ የቅድሚያ ቁጥር መስጠቴም ጥፋት ነበር፤ ማን ማንን እንደሚቀድም ለእኔም ጠፋኝ። አሁን ሥራውን በደረጃ ከፍዬዋለሁ፦ መጠየቅ፣ መጠርጠር፣ ማረጋገጥ።

58 ሕግ ደርሷል። ለካርቡራቶር መኪና ይሆናል፤ ሁሉ ነገራቸው ኤሌክትሮኒክስ ለሆኑት አዳዲሶቹ አይሞከርም። ፍርዱን ሲሰጥ የተጠቀመባቸውን ሕጎች አብሮ እንዲያሳይ አድርጌያለሁ። ባለፈው ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ሰባተኛው ውሸት ነው። ማነው እንዲህ ያለህ?»

እሳቸው ነበሩ።