ከአባቴ ሬዲዮ የወጣው ድንጋይ

"ቆይ እህቴ፣ በምላጭ እንዳትነኪው!" አለኝ ሬዲዮ ሠሪው። ዛሬ፣ ደሴ ፒያሳ። የአባቴ ሬዲዮ ውስጥ ተረስቶ የከረመ ድንጋይ ፈሶ፣ ቦርዱ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ይዟል። እኔ ፍቄ ልገላገለው ነበር። ለካ ምላጭ ከዝገቱ ጋር ፀጉር የምታክለውን የመዳብ መስመር ይዞ ይሄዳል።

ጓንት አጠለቀ፤ የአልካላይን ድንጋይ ፈሳሽ ቆዳም ዓይንም ያቃጥላል። ጥጥ በአቼቶ ነክሮ ዝገቱን ብቻ ነካ ነካ አደረገ፣ ጥቂት አረፋ ወጣ፣ ወዲያው ጠረገው። አቼቶም ከቆየ ብረት ይበላል።

ከዓይኔ ያልጠፋው ቀጥሎ ያደረገው ነው። የአልኮሉን ጠርሙስ ከመክፈቱ በፊት ተነስቶ የብየዳ ካውያውን ሶኬት ነቀለ። መስኮት ከፈተ። ካውያው እስኪበርድ እጁን አጣጥፎ ቆመ። በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል፣ እሱ ይጠብቃል! አልኮሉ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል የሚባለው ነው፤ ተኑ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ከዚያ ቦርዱን በአልኮሉና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርጎ አጠበው።

"ዛሬ ይሠራል?"

"አብሽሪ፣ መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ። ድንጋይ ነገ እናስገባለን።"

በችኮላ ስንት ዕቃ እንደጣልን እያሰብኩ ቤት ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ከማንጠቀምበት ሪሞት ውስጥ ድንጋዩን አወጣሁ።