ከመርከብ የተኮረጀ የልጆች ካርድ፣ ጣና ላይ

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ፍሎሪዳ ነው። እዚያ ቤተሰብ ይዞ በትልቅ መርከብ መዝናናት የተለመደ ነገር ነው፤ ከማያሚ ተነስቶ ጥቂት ቀን ባሕር ላይ አድሮ መመለስ። እሷም ከባሏና ከልጆቿ ጋር ወጥታ ነበር። ስታወራኝ ከመርከቡ ይልቅ ቀልቤን የሳበው አንድ ትንሽ ካርድ ነው።

መርከቡ ላይ በጥሬ ብር መገበያየት የለም ማለት ይቻላል። ሲሳፈሩ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃናትም ጭምር፣ ካርድ ይሰጣል። ካርዱ የመኝታ ክፍሉን ይከፍታል፣ ወደብ ላይ ሲወርዱና ሲመለሱ መታወቂያ ነው፣ ዕቃም ይገዛል። የተገዛው ሁሉ በክፍሉ ሒሳብ ላይ ይመዘገብና መጨረሻ ላይ ከወላጅ የባንክ ካርድ ይቆረጣል። ዋናው ምግብ በትኬቱ ውስጥ ስላለ ልጆች ብር የሚያጠፉት ለስላሳ ላይ፣ ማስታወሻ ዕቃ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጌም ቤቱ ውስጥ ነው። ማሽኑ ካርዱን ባነበበ ቁጥር ዶላር ይሄዳል፤ ልጁ ግን ሲሄድ አያየውም።

የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ማታ ጌም ቤት ገብቶ ስንት እንደጨረሰ እስካሁን አልነገረችኝም። የነገረችኝ ጠዋት ተነስታ እንግዳ መቀበያው ጋ መሰለፏን ነው። ለካ እዚያ መጠየቅ ይቻላል፤ የልጁ ካርድ በር ብቻ እንዲከፍት ማድረግ፣ ወይም ከዚህ በላይ አያውጣ ብሎ ጣሪያ ማስቀመጥ። «ሳይጀምሩ ነው መጠየቅ፣ ገና ስትሳፈሪ» አለችኝ። ሰማሁና ረሳሁት።

ያስታወስኩት በ2014 ለገና ዳያስፖራው ወደ አገር ቤት ይግባ ተብሎ ሲጠራ ነው። እሷም ልጆቿን ይዛ ባሕር ዳር እኛ ቤት ከች አለች። እናታችንም ከደብረ ማርቆስ መጣች። የሷ ሁለት፣ የኔ ሦስት፣ ቤቱ ልጅ በልጅ ሆነ። ዕቅዳችን ጣና ላይ በጀልባ መንሸራሸር፣ ዘጌ መሄድ፣ ጢስ አባይን ማየት፣ ከዚያ እናታችንን ይዘን ወደ ደብረ ማርቆስ መውረድ ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ የብር ነገር ነው። የአሜሪካዎቹ ልጆች ኪስ ውስጥ ዶላር አለ፤ የኔዎቹ ኪስ ውስጥ ቢበዛ ማስቲካ። አንድ ጀልባ ላይ አምስት የአክስትማማች ልጆች ተቀምጠው ሁለቱ ያሻቸውን እየገዙ ሦስቱ አፍ አፋቸውን ሲያዩ ማየት አልፈለግሁም። በየመንገዱ «እማዬ ይሄን ግዢልኝ፣ እማዬ ያንን» ሲባል መዋልም ሰልችቶኛል። ለእህቴ ነገርኳት። ሳቀችና «እንግዲያው እኛም ካርድ እንስጣቸዋ» አለች።

የሠራነው በአንድ ማታ ነው። ቤት ውስጥ የተረፈ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ነበር፤ ወፍራም ስለሆነ ጥሩ ነው። ነጩን ጀርባ በመቀስ ቆረጥን፣ ስም ጻፍንበት፣ አሥራ አምስት ሣጥን አሰመርንበት። አንዱ ሣጥን 20 ብር፣ ድምሩ 300። ያን ጊዜ በ20 ብር አንድ ለስላሳ ይገኝ ነበር። የ20 ብር ኖት ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ብሩን በሙሉ አሥር አሥር ዘርዝሬ በቦርሳዬ ያዝኩ። አሥር ብር ሲወጣ ሣጥኑ ላይ አንድ ሰያፍ መስመር፣ ሌላ አሥር ሲወጣ በላዩ ተሻጋሪ መስመር። መስቀለኛ የሆነ ሣጥን አለቀ ማለት ነው። ገና ፊደል የምትቆጥረው ትንሿ ልጄ እንኳን ሒሳቡ ገባት። ካርዱን በመታወቂያ መያዣ ፕላስቲክ ከተን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠለጠልነው። ሐይቅ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ፕላስቲኩ የግድ ነው። የሚሰረዘው በእስክሪብቶ ነው። እርሳስ ላጲስ እንዳለው ልጆች ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። እኔም በደብተር ትይዩ መዝገብ ያዝኩ፤ መርከቡ ላይ ካርድ ሲጠፋ የድሮው ተዘግቶ አዲስ ይታተማል እንደተባለው፣ እኔም ካርዱ ቢጠፋ ከደብተሬ አይቼ ሌላ እሠራለሁ ብዬ።

ደንቡም ከዚያው ከመርከቡ የመጣ ነው። ጀልባው፣ ምሳው፣ የገዳም መግቢያው የወላጅ ነው። ለስላሳው፣ ቆሎው፣ ማስታወሻው፣ ጌጡ የካርድ ነው። ዶላሩ በሙሉ እናት ጋ ይቀመጣል። ካርድ ያለቀበት አለቀበት፤ ብድር የለም። ይሄንን ከመነሳታችን በፊት በነበረው ማታ ሁሉንም አስቀምጠን ነገርናቸው። የእህቴ ትልቁ ልጅ በስልኩ አሰላና «ስድስት ዶላር ብቻ?» አለ። «አዎ፣ ለሁላችሁም እኩል» አለችው እናቱ፣ አበቃ።

አንድ ሰው ብቻ ካርድ አልያዘም፤ የኔ የበኩር ልጅ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በአንገቱ ወረቀት ማንጠልጠል ሞት ነው ለእሱ። ቴሌብር ወጥቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም፣ እሱ ግን ተመዝግቧል። «በቴሌብር ላኪልኝ» አለ። ላክሁለት፣ ያንኑ 300። ዘጌ ስንደርስ ባዶ ነው። ገና ወደቡ ላይ ጀልባ ስንጠብቅ ፓኬጅ ገዝቷል፣ ለጓደኛው ካርድ ሞልቶለታል፣ ደግሞ ሌላ ፓኬጅ። ብሩ ከስልኩ ሳይወጣ እዚያው ስልኩ ውስጥ አለቀ። እህቴ ደብተሬን አየችና «ይሄማ ያው ጌም ቤቱ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ወረቀቱ ላይ ያሉት ታናናሾቹ አንዲት ሣጥን ለማሰረዝ እንኳ ካርዱን ገልበጥ አድርገው አይተው፣ ቆጥረው፣ ተክዘው ነው። የሚያዩት ነገር ሲጎድል ያማቸዋል። ቴሌብርን እየነቀፍኩ አይደለም፣ እኔ ራሴ ያለሱ ገበያ አልወጣም፤ ልጅ ግን መጀመሪያ ብር ሲጎድል በዓይኑ ቢያይ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ዘጌ የሄደ ሰው ያውቃል፤ ከጀልባው ወርደህ በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጣ ግራ ቀኙ ሻጭ ነው። ትንንሽ የደንገል ታንኳ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ በብራና ላይ የተሳለ ሥዕል፣ መስቀል። እኛ በእግር እንሄዳለን፣ ልጆቹ በዓይናቸው ይገዛሉ። የእህቴ ልጅ አንዲት ታንኳ አንስቶ በተሰባበረ አማርኛ «ስንት ነው?» ሲል ሻጩ ልጅ ቀና ብሎ አየው፣ ጫማውን አየው፣ «ሁለት መቶ» አለ። ልጁ ወዲያው እስክሪብቶ ሊጠይቀኝ ዞረ። መካከለኛዋ ልጄ እጁን ያዘችው።

«ኧረ ተው አንተ! እኛ እኮ የዚሁ አገር ሰዎች ነን» አለችው ሻጩን።

«እሱ ግን አይመስልም።»

«የአክስቴ ልጅ ነው። ስልሳ።»

«መቶ ሃምሳ።»

ታንኳዋን አስቀምጣ ጥላ ሄደች። ልጁ ግራ ገብቶት ተከተላት። ጥቂት እንደተራመዱ ከኋላ «ነይ፣ ሰማንያ!» የሚል ድምፅ መጣ። አራት ሣጥን ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት ማታ ደብተሬን ሳስተያይ ነው፤ ልጄ ላከራከረችበት አንድ ለስላሳ በሱ ካርድ ተገዝቶላታል። ዝም አልኩ። ሠርታ ያገኘችው ነው። እህቴ ግን ልጇ በዚያች ቀን የተማረው አማርኛ በየቅዳሜው ከሚከታተለው ትምህርት ይበልጣል ብላ ስትስቅ አመሸች።

ያልጠበቅሁት ክርክር የተነሳው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ነው። ትንሿ ጧፍ መግዛት ፈለገች፤ ለነዳያንም መስጠት። ከካርዷ ይሁን ወይስ ከእኛ? እናቴ «ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ነገር ከልጅ ካርድ አይቆረጥም» አለች። እኔ ደግሞ ከኔ ቦርሳ ከወጣማ የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ ተከራከርኩ። ልጅቷ እኛ ስንነታረክ ጠብቃ ጠብቃ ሰልችቷት ካርዷን ዘረጋችልኝ። አንድ ሙሉ ሣጥን አሰረዘችና ጧፏን ይዛ ገባች። ውስጥ ገብተን የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች ስናይ እሷ ያየችው የራሷን ጧፍ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ከባዶቹ ልጆቹ አልነበሩም። እናቴ ነች።

እናቴ ብር የምትይዘው እንደ እናቶቿ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው። ልጆቹም ይሄን ያውቃሉ። ካርዱ ሲሳሳ ወደ አያታቸው ጠጋ፣ ጠጋ። ያቺ ቋጠሮ ቀስ ብላ ስትፈታ፣ አንዲት የታጠፈች አሥር ብር እጅ ውስጥ ስትገባ፣ ከዚያ ደግሞ ልጁ እንዳላየ ሆኖ ወደ ሌላ ቦታ ሲመለከት፣ ሁሉንም ከጀልባው ጫፍ ሆኜ አያለሁ። በዚህ ላይ ባሕር ዳር ያለው አጎታቸው ሊሸኘን ወደቡ ድረስ መጥቶ ለሁለቱ እንግዶች ባለ 200 ብር ኖት አስጨብጧቸው ነበር፤ ለኔዎቹ ግን ምንም። አየህ፣ ካርዱ እኩል አደረጋቸው ስል ዘመድ አዝማድ በሁለት ደቂቃ አፈረሰው። መርከብ ላይ ይሄ የለም። የመርከብ ካርድ ላይ ጣሪያ ካስቀመጥክ አያት መጥታ ከነጠላዋ አትሞላውም።

እናቴን «እማዬ፣ አትስጫቸው» ብዬ ሞከርኩ። «ለልጅ ልጄ አሥር ብር ለመስጠት ያንቺን ፈቃድ ልጠይቅ?» አለችኝ። ለዚህ ምን መልስ አለው? የጎጃም ሴት አያት ባዶ እጇን ልጅ አትስምም።

መፍትሔውን ያመጣው ባለቤቴ ነው። አትስጪ ማለት አይሆንም፣ ወዴት እንደሚገባ ግን መወሰን ይቻላል አለ። አንድ ተጨማሪ ካርድ ሠራን፤ የማንም ስም የለበትም፣ «የሁላችን» ተብሎ ተጻፈበት። ከዘመድ የመጣ ብር ሁሉ፣ የአጎታቸውም 400 ጭምር፣ እዚያ ይገባል፤ ልጆቹ ተስማምተው አንድ የጋራ ነገር ያደርጉበታል። እናቴ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። በኋላ ግን በአምስቱ ፊት ቋጠሮዋን ፈታ «ይኸው፣ የኔም አለበት» ስትል ሁሉም ሲያጨበጭቡላት ደስ አላት። በድብቅ ስትሰጥ አንድ ልጅ ነበር የሚስማት።

አምስቱ ስለዚያ ብር ሲጨቃጨቁ መስማት ራሱን የቻለ መዝናኛ ነበር። ትልልቆቹ ፒዛ አሉ፣ ትንሿ አሻንጉሊት። በመጨረሻ የመረጡት ጀልባ ነጂው ሲመለስ አባይ ከጣና ወደሚወጣበት ጠጋ አድርጎ ጉማሬ እንዲያሳያቸው ጭማሪ መክፈል ነው። ዋጋውንም ያከራከሩት እነሱ ናቸው፤ እኛ አፋችንን ዘግተን ተቀመጥን። ጉማሬው ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ አሳይቶ ጠለቀ። ማንም አላጉረመረመም፤ በራሳቸው ብር ነዋ። ያንኑ ጉማሬ እኛ ከፍለን ቢሆን «ይሄ ብቻ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም ነበር።

ጢስ አባይ ላይ ብዙ የማወራው የለም። ጥር ላይ ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፣ ውሃው የኃይል ማመንጫው ወስዶት ፏፏቴው ቀጥኗል፤ በመስከረም ሂዱ። ለካርዱ ግን መልካም ፈተና ነበር፤ ፀሐዩ ሲበረታ ሣጥን የቆጠበ ጠጣ፣ የጨረሰ የኛን ውሃ ጠጣ። ውሃ አልከለከልንም፣ ብድር የለም ያልነውን ግን አጠበቅን። የእህቴ ትንሹ ልጅ አለቀሰ። እናቱ ሆዷ ባብቶ ወደ ቦርሳዋ ስትሄድ ዓይኔን አፈጠጥኩባት፣ ተመለሰች።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ሒሳብ ዘጋን። ካርዱ ላይ የቀረውን ሣጥን በጥሬ ብር ከፈልኳቸው፤ ይሄ ከመጀመሪያው የተነገራቸው ነው፣ ካልተነገራቸው የመጨረሻው ቀን ላይ ያልተሰረዘውን ሁሉ ዝም ብለው ይጨርሱታል። መካከለኛዋ ሰባት ሣጥን ተረፋት፣ 140 ብር። ወንድሟ ከአጠገቧ ሆኖ ሲያይ ነበር፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሱም ወረቀቱን እንደሚፈልግ በቀስታ ነገረኝ፣ አንገቴ ላይ ግን አላንጠለጥልም፣ በኪሴ ነው አለ። ይሁን።

ዘንድሮ ለምትሞክሩት፣ 20 ብሩን አትውሰዱት፣ ዋጋው እንደምታውቁት ሆኗል። በቀኑ የአንድ ለስላሳ ዋጋ ሣጥኑን ለኩት፤ አንድ ሣጥን አንድ ለስላሳ ከሆነ ሌላውን ሒሳብ ልጆቹ ራሳቸው ይሠሩታል።