ከግሪንላንድ የቀለጠው ውሃ ዳርቻውን የሚለቅበት መንገድ

ባለፈው ነሐሴ ከደሴ ወጣ ብዬ ሐይቅ ዳር በቆምኩበት ቀን፣ ሌሊቱን በጣለው ዝናብ የደፈረሰ ጅረት ወደ ሐይቁ ሲገባ በቅርብ ተመለከትኩ። ቀዩ ውሃ ከሰማያዊው ጋር ወዲያው አልተዋሐደም፤ ቄጠማውን እየታከከ ዳር ዳሩን ሄደ፣ በሁለቱ መካከል ያለውም ድንበር በጣት ሊያመለክቱት የሚቻል ነበር። በሐይቁና በውቅያኖስ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ቢሆንም፣ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ስላለችው በበረዶ የተሸፈነች ደሴት፣ ስለ ግሪንላንድ፣ ባነበብኩ ቁጥር ያ ድንበር ትዝ ይለኛል።

የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚይዝ፣ ከግሪንላንድ በረዶ ቀልጦ ወደ ባሕር የሚገባው ውሃ ከእሱ ይቀላል። ሁለት ማንኪያ ጨው በሟሟበት ብርጭቆ ውሃ ላይ የቀዘቀዘ ሻይ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጎ ያፈሰሰ ሰው፣ ሻዩ ከላይ ተንሳፍፎ ሲቀር በዓይኑ ያያል።

ይሁን እንጂ የተንሳፈፈው ውሃ ወደ መካከለኛው ባሕር እንደልቡ አይሰራጭም። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የመሬት መሽከርከር ተንቀሳቃሹን ውሃ ወደ ቀኙ ስለሚያዘነብለው፣ በግሪንላንድ ምሥራቅ ወደ ደቡብ የሚወርደው የባሕር ጅረት የብሱን በቀኙ አድርጎ ይጓዛል፤ የደቡቡን ጫፍ ዞሮ በምዕራብ በኩል ወደ ሰሜን ሲወጣም የብሱ አሁንም በቀኙ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የነፋሱ ሥራ ነው። ነፋስ የላይኛውን ውሃ የሚገፋው በራሱ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን ወደ ቀኙም ጭምር በመሆኑ፣ ከሰሜን የሚነፍሰው ያው ነፋስ በምሥራቁ ዳርቻ ውሃውን ከየብሱ ጋር ሲያጣብቀው፣ በምዕራቡ ግን በግሪንላንድና በካናዳ መካከል ወዳለው ወደ ላብራዶር ባሕር ያወጣዋል። የባሕሩ ወለል በድንገት በሚዘቀዝቅበት ስፍራ ደግሞ ጅረቱ ይናወጥና ታላላቅ አዙሪቶች ከእሱ እየተገነጠሉ ውሃውን ይዘው ይሄዳሉ።

የላብራዶር ባሕር ተራ ስፍራ አይደለም። በብርዱ ወራት (የእኛን ዝናባማ ክረምት ማለቴ አይደለም) ላዩ ውሃ ቀዝቅዞና ከብዶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤ ጨው አልባ ውሃ ከላይ ሲነጠፍበት ግን ቢቀዘቅዝም በቂ ክብደት ስለማያገኝ መስመጡ ይታገዳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአርክቲክ የወጣ ብዙ ውሃና በረዶ ይህንኑ አስከተለ፤ ያ ጨዋማነቱ የቀነሰ ውሃ ሰሜን አትላንቲክን ዞሮ ወደ ኖርዌይና ወደ ግሪንላንድ ባሕር ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።