ሊጥ ጭነን በአርቪ ወደ ስዋሎ ፎልስ

እናቴ ነገሩን ስትሰማ «ቤት እያለን ጫካ የምናድረው ምን ሆነን ነው?» አለች። ደብረ ሲና አካባቢ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ጫካ ለእሷ እንጨት የሚለቀምበት፣ ጥጃ የሚጠፋበት፣ ጅብ የሚውልበት ቦታ ነው። ገንዘብ ከፍለው የሚተኙበት አይደለም። እኔ መልስ አጣሁ። የ10 ዓመት ልጄ ግን አላጣችም። «አያቴ፣ አልጋ ያለው መኪና እኮ ነው!» አለቻት። እማዬም ትንሽ አሰብ አድርጋ «አልጋ ካለው ይሁን» አለች።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼ፣ ለክረምቱ ከአገር ቤት የመጣችው እናቴና እኔ፣ አምስት ነን። ድንኳን አልታሰበም፤ የእማዬ ጉልበት መሬት ላይ መተኛትን አይችልም። አርቪ ያልነውም ለዚህ ነው። አርቪ ማለት አልጋ፣ ማድቤትና ሽንት ቤት ያለው መኪና ነው። እኔ ደግሞ ታክሲ ነጂ ነኝ። 15 ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ የነዳሁ ሰው ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር። እሱን እመጣበታለሁ።

ቦታው ስዋሎ ፎልስ ስቴት ፓርክ ነው። በሜሪላንድ ምዕራብ ጫፍ፣ ጋሬት ካውንቲ የሚባል ተራራማ አገር ውስጥ ይገኛል። ከቤታችን ወደ 180 ማይል ነው። የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ፏፏቴው ነው። ማዲ ክሪክ የሚባለው 53 ጫማ፣ ማለትም 16 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሁለተኛው ዛፎቹ ናቸው። ሄምሎክ የሚባል የጽድ ዘመድ የሚመስል ዛፍ አለ፤ አንዳንዱ ዕድሜው ከ300 ዓመት በላይ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ መጥረቢያ ያልነካው ጫካ ብዙ አይገኝም።

ቦታ መያዝ የጀመርኩት በግንቦት ነበር። ረፈደብኝ። በክረምት ያሉት ቅዳሜዎች በሙሉ ተይዘዋል። ቦታ ሁሉ አንድ እንዳልሆነም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጫካ ውስጥ ብዙ ማቆሚያ አለ፤ የኤሌክትሪክ ሶኬት ያለው ግን ጥቂት ነው። ርዝመቱም ይለያያል። ለድንኳን የተሠራ ቦታ 25 ጫማ መኪና አይችልም። እኔ መኪናውን ቀድሜ ተከራይቼ ኋላ ነው ቦታ የፈለግሁት። መገልበጥ ነበረበት። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ሶኬት ያለው አንድ ቦታ አገኘሁ። ውሃ ግን አልነበረውም። «ታንከር አለው አይደል?» ብዬ ናቅሁት።

የዋጋውን ነገር በአጭሩ ልናገር። የሌሊት ኪራዩ ርካሽ ይመስላል። ከዚያ ኢንሹራንስ ይጨመራል፣ ማስያዣ ይጨመራል፣ ከተፈቀደው ማይል ካለፍክ በየማይሉ ይቆጠራል፣ ጀነሬተር ካስነሳህ በሰዓት ይቆጠራል። እኔ የምመካበት የባንክ ካርድ ኢንሹራንስ አርቪን እንደማይሸፍን ያወቅሁት ውሉን ሳነብ ነው። ነዳጁም አለ። በአንድ ጋሎን 9 ማይል ገደማ ነው የሄደልን። ለደርሶ መልስ ከ40 ጋሎን በላይ ጠጣ። ሞቴል ብንይዝ ይረክስ ነበር። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ አሁን አነበበችው።

ጉዞው የዋለው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ፍልሰታ ገብቷል። እማዬ ትጾማለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አትቀምስም። እኔና ባለቤቴ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ምግብ ብቻ ነው ያወራነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ድርቆሽ። 30 እንጀራ ገዝቼ ጫንኩ። እማዬ አየችውና «የሱቅ እንጀራ ለሦስት ቀን?» ብላ ፊቷን አዞረች። ማታ ሳናያት ሊጥ አቡክታ በባልዲ አስቀምጣለች። የኤሌክትሪክ ምጣዱም ከሳጥኑ ጋር በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከእናት ጋር አይከራከሩም፤ ጫንኩት። ባልዲውን ማጠቢያው ሥር ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁ።

አሁን ወደ ታክሲ ነጂነቴ። አርቪ ከኋላ ጎማው ወዲያ የሚቀር ብዙ አካል አለው። ወደ ግራ ስትጠመዝዝ ጭራው ወደ ቀኝ ይወረወራል። ይህን አከራዩ ነግሮኝ ነበር። እኔም «አውቃለሁ» ብዬዋለሁ። ሃንኮክ የምትባል ከተማ ላይ ነዳጅ ቀድቼ ስወጣ ማደያው ላይ ከቆመው ቢጫ ብረት ጋር ተሳሳምኩ። የኋላ መብራቱ መስታወት ረገፈ። ልጄ «አባ፣ ታክሲ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየማደያው ባለቤቴ ወርዳ ከኋላ ሆና «ና፣ ና፣ ቁም!» ትለኝ ጀመር። ልክ እንደ ሚኒባስ ረዳት።

ከሃንኮክ በኋላ 68 ቁጥር አውራ ጎዳና ይጀምራል። ሳይድሊንግ ሂል የሚባል ተራራ ለመንገዱ ተብሎ ወደ 340 ጫማ ጥልቀት ተቆርጧል፤ የድንጋዩ ንጣፍ እንደ ኬክ ቁራሽ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በአንዱ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ረግጬ ረግጬ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ያኔ ልጅ ሆኜ ጣርማ በር ላይ የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚሉት ትዝ አለኝ፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ማርሹን ቀነስኩ፣ ሞተሩ ያዘው፣ ሽታው ጠፋ።

አንዱ ሽታ ጠፍቶ ሌላ መጣ። ኮምጣጣ ሽታ። እማዬ ዝም ብላ ታሸታለች፤ ከሁላችንም ቀድማ አውቃዋለች መሰለኝ። ሊጡ የአሜሪካን የነሐሴ ሙቀት በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አግኝቶ ኩፍ ብሏል። ክዳኑን አንስቶ፣ ከበሩ ሥር ሾልኮ፣ ወለሉን ይዞ ወደ ሾፌሩ እየመጣ ነው። መንገድ ዳር ቆመን በፎጣ ጠረግን። ግማሹ ማቀዝቀዣው ሥር ገባ፤ እዚያ እጅ አይደርስም። እማዬ የተረፈውን ባልዲ አየችና «ለአንድ አሥር እንጀራ ይበቃል» አለች።

ስንደርስ መሽቶ ነበር። አታምሹ። ጫካ ውስጥ መብራት የለም፣ ስልክም አይሠራም፣ የቦታውን ቁጥር በባትሪ ነው የምትፈልገው። ደግሞ መኪናው ልክ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ መቆም አለበት። ካልሆነ በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ በደንብ አይሠራም፤ አልጋውም ወደ አንድ ጎን ያንከባልላል። ጎማ ሥር የሚገባ ፕላስቲክ ደረጃ ያስፈልጋል። እኔ አልያዝኩም። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነጭ ሰውዬ የራሳቸውን አምጥተው አዋሱኝ። ከዚያ በኋላ እኚህ ሰው መምህሬ ሆኑ።

ጠዋት እማዬ ምጣድ ጣደች። ባለቤቴ የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍታለች፣ ልጆቹ ለሻወር የውሃ ማሞቂያውን አብርተዋል። አንድ እንጀራ ሳይወጣ ሁሉም ድርግም አለ። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። የኛ መስመር 30 አምፔር ነው፤ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ይሆናል። ምጣዱ ብቻውን 1,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። አየሩም እንደዚያው፣ ማሞቂያውም ለዚያ የቀረበ። ሦስቱ ሲደመሩ ያልፋል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ ማለቂያ ያለው ነገር መሆኑን ረስተን ኖረናል። እማዬ ግን አልገረማትም። «መብራት ሄደ» አለች፣ እንደ ቤቷ። አየሩን አጠፋን፤ ያ ተራራ ነሐሴም ቢሆን ቀዝቃዛ ነው፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ፈልገናል። እንጀራውም ዓይን አውጥቶ ወጣ።

ቀጥሎ ውሃው። 40 ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሞልተን ነበር። እኔ የፈራሁት እንዳያልቅ ነው። ቀድሞ የሚሞላው ግን የቆሻሻው ታንከር ነው። ሁለት ታንከር አለ፤ ግራጫ የሚሉት የማጠቢያና የሻወር ነው፣ ጥቁር የሚሉት የሽንት ቤቱ። በሁለተኛው ቀን ልጄ ሻወር ስትገባ ከታች ሽሮ የመሰለ ውሃ እግሯን ሸፈነው። ሽሮም ነበር። የድስቱ እጣቢ ግራጫውን ሞልቶ ወደ ላይ ተመልሷል። መሬት ላይ መልቀቅ ክልክል ነው፤ ትክክልም ነው። ከዚያ ወዲያ የፓርኩን ሻወር ቤት ተጠቀምን። ከመጀመሪያውም መጠቀም ነበረብን፤ ሙቅ ውሃ አለው፣ ደግሞ የተከፈለበት ነው።

ዕጣኑን ልረሳው አልችልም። እማዬ ቡና ውስጥ ላፍላ አለች፤ ውጭ ያካፋል። ቡናው ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ምንም አልተናገረም። ዕጣን ጣል ስታደርግ ግን ጮኸ፣ ካምፑ በሙሉ ዞሮ አየን። ጎረቤታችን በካፖርት ሮጠው መጡ። እሳት መስሏቸው ነው። ቡና ቀረበላቸው። ሦስተኛውን ጠጥተው ነው የሄዱት፣ ሲሄዱም ስለ ጥቁሩ ታንከር ምክር ሰጥተውኝ ነው፦ እስኪሞላ ድረስ መክፈቻውን ዝጋው። ክፍት ከሆነ ፈሳሹ ይሄዳል፣ ሌላው ይቀራል፣ ይደርቃል። ስታፈስም ጥቁሩን መጀመሪያ፣ ግራጫውን ኋላ፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ያጥብልሃል። ጓንት አድርግ። ይህን ምክር በቡና ገዛሁት ማለት ይቻላል፤ በመጨረሻው ቀን ሥራው አምስት ደቂቃ ብቻ ወሰደ።

ማገዶ ከቤት አትያዙ። እኔ ጓሮዬ ያለውን ጭኜ ነበር። እንጨት ውስጥ የተደበቀ ነፍሳት ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል፤ አሽ የሚባለውን ዛፍ እየጨረሰ ያለው አረንጓዴ ጢንዚዛ እንዲህ ነው የተስፋፋው። እዚያው አካባቢ የሚሸጥ አለ። ድብም አለ። የሜሪላንድ ድቦች በብዛት የሚኖሩት እዚያ ካውንቲ ነው። አላየንም፤ ግን ቅባት የነካው ነገር ሁሉ ማታ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ቆሻሻው ወደ ተከደነው ገንዳ ይሄዳል።

ማክሰኞ ጠዋት ዝናቡ አባራ፣ እማዬን ደግፈን ወደ ማዲ ክሪክ ወረድን። ከመኪና ማቆሚያው ሩቅ አይደለም። ሙሉው ዙር አንድ ማይል ከሩብ ገደማ ነው፤ ደረጃና ድንጋይ ስላለበት ለእሷ ከፏፏቴው ወዲያ አልሄድንም። ሄምሎኮቹ ሥር ጨለማ ነው፣ መሬቱ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ ነው። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። «ወፍ ዋሻን ይመስላል» አለች። ወፍ ዋሻ ከአገሯ በላይ ያለው የጽድ ጫካ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ጫካ ያስተከሉት ከዚያ በመጣ ዘር ነው ይባላል። «ይሄንንስ ማን ጠበቀው?» አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1906 ጋሬት የሚባሉ ወንድማማቾች 2,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት ለሜሪላንድ እንደሰጡ፣ የግዛቱ የደን ጥበቃ ከዚያ እንደተጀመረ ነገርኳት። «ነፍስ ይማር» አለች። አሁን ሄምሎኮቹን የሚበላ ከእስያ የመጣ ትንሽ ነፍሳት አለ፣ በቅርንጫፉ ሥር እንደ ጥጥ ይታያል። እሱን አልነገርኳትም።

እዚያው የመኪናው ሄንሪ ፎርድ፣ የአምፖሉ ቶማስ ኤዲሰንና የጎማው ሃርቪ ፋየርስቶን እ.ኤ.አ. በ1918 እና በ1921 ድንኳን ተክለው አድረዋል። እነዚያ ሀብታሞች ወጥ ቤት አስከትለው፣ ኤዲሰን በባትሪ የሚበራ አምፖል ይዞ ነበር የሚጓዙት። ይህን ስነግራት እማዬ ሳቀች። «ታዲያ በእኔ ምጣድ ምን አስደነቃችሁ?»

መኪናውን ስመልስ አከራዩ በሩን ከፍቶ አፍንጫውን ጨፈነ። የመብራቱን መስታወት ከማስያዣው ቆረጠ፤ ለጽዳት ደግሞ ሌላ 75 ዶላር። ማቀዝቀዣው ሥር ያለው ሊጥ ሦስት ቀን ሙሉ ሲቦካ ከርሟል።

ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ ይዣለሁ። አሁን በጥር ነው የያዝኩት፣ ቅዳሜ ያለበት፣ ሶኬት ያለው። ለእማዬ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። ሊጥ እንደማንይዝም አብሬ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ክዳኑን በገመድ እናስረዋለን» አለች።