የተሞላ ጥርስም ይበሰብሳል

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ወዳለችው ክሊኒካችን አንዲት እናት መጡ። ከ2 ዓመት በፊት ያስሞሉት መንጋጋ ሌሊት አላስተኛ ብሏቸዋል። «ልጄ፣ ይሄን ጥርስ አስሞልቼው የለም እንዴ?» አሉኝ። ሙሌቱ ከላይ ደህና ነው፤ ሳነሳው ግን ጠርዙ ሥር ጠቁሮ፣ እንደ እርጥብ ቡሽ ለስልሶ አገኘሁት። አንጀቴን በሉት።

ኮምፖዚት የሚባለው፣ የጥርስ ቀለም ያለው መሙያ፣ በሰማያዊው መብራት ሲጠነክር ትንሽ ይኮማተራል። በዚያች ክፍተት ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የተባለው ባክቴሪያ ገብቶ ከስኳር ጥርስን የሚያበሰብስ አሲድ ይሠራል። ጃፓኖች ኤምዲፒቢ የሚባል ባክቴሪያ የሚቃወም ሞለኪውል ሙሌቱን ከጥርሱ ጋር የሚያያይዘው ማጣበቂያ ውስጥ ከተውበታል፤ ሲጠነክር አብሮ ስለሚተሳሰር እንደ መድኃኒት ታጥቦ አያልቅም። ይህን ሳስብ በጣም ደስ ይለኛል፤ እኛም ጋ በየክሊኒኩ ቢገባ ምኞቴ ነው።

ለእሳቸው ግላስ አዮኖመር የሚባል ሌላ ዓይነት መሙያ ሞላሁላቸው። ጥርስን የሚያጠነክር ፍሎራይድ ይለቃል፣ ከጥርስ ሳሙናም መልሶ ይወስዳል። ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ስልካቸውን ተቀብያለሁ፣ እኔው እደውላለሁ።