ጓሮዬን ከውሃው ጀምሬ እንደገና ስሠራው

በአንድ በጋ ሁለት ነገር ሞተብኝ። ሣሩ ጠዋትና ማታ እየጠጣ ደረቀ፤ ጥግ ላይ የተከልኩት ሮዝመሪ ደግሞ ሥሩ በሰበሰ። ሁለቱም የጠጡት ከአንድ ጎማ ነው። አንዱ በጥም፣ ሌላው በውሃ ብዛት እንዴት ሊሞቱ እንደቻሉ ብዙ አሰላሰልኩ፤ መልሱን ያገኘሁት አካፋ ይዤ ስቆፍር ነው።

ማታ ሣሩን 20 ደቂቃ ያህል አጠጥቼው ነበር። ጠዋት ስቆፍረው ከላይ ሁለት ጣት ያህል ረጥቧል፤ ከዚያ በታች አፈሩ እንደ ዱቄት ይበናል። ሥር የሚሄደው እርጥበት ወዳለበት ነው። በየቀኑ ላይ ላዩን እያራስኩ፣ ሥሩ ፀሐይ ቀድማ በምታደርቀው አፈር ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር አስለምጄዋለሁ። በሮዝመሪው ጥግና በአጥሩ በኩል ደግሞ ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንዳንድ ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ ሞላሁበት፤ ሰርጎ ሲያልቅ ደግሜ ሞላሁና ሰዓት ያዝኩ። ውሃው በሰዓት ከ2 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ካለ አፈሩ ለአብዛኛው ተክል ይስማማል። በአጥሩ በኩል ያለው በዚህ ልክ ወረደ። የሮዝመሪው ጥግ ግን በማግስቱም ውሃውን እንዳቆረ ጠበቀኝ፤ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ነው። ጓሮ ለመሥራት የተነሣ ሰው አንዲት ችግኝ ሳይገዛ በፊት ይህን ፈተና ቢያደርግ ብዙ ኀዘን ይቀርለታል።

ከዚያ ዝናቡን ማየት ጀመርኩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያዬ 60 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ 20 ሚሊ ሜትር በዘነበ ቀን 1,200 ሊትር ይወርድበታል ማለት ነው። ከዚያ ላይ የሚፈሰውና የሚተነው ቢቀነስ እንኳ ብዙ በርሜል ይሞላል። ይህ ሁሉ በአሸንዳው ወርዶ በበሩ ሥር እየሾለከ ይወጣ ነበር! አሁን ከአሸንዳው ጫፍ ጀምሮ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጥልቀት የሌለው ቦይ አለኝ። ግርጌውን በድቡልቡል ድንጋይ ሞላሁት፤ በበጋ የደረቀ ወንዝ ይመስላል፣ በክረምት እውነተኛ ወንዝ ይሆናል። የሚያልቀው ከቤቱ መሠረት ርቆ፣ ዛፉ ሥር ባለ ጎድጓዳ ቦታ ነው። ጎድጓዳው ውሃውን በአንድ ቀን ውስጥ መምጠጥ አለበት፤ ለብዙ ቀናት ከቆየ ትንኝ ይራባበታል። የዝናብ ውሃ የማጠራቅምበትን በርሜልም የምከድነው ለዚሁ ነው።

ውሃን መሠረት አድርጎ ጓሮ የመንደፍ ሐሳብ ስም የወጣለት በ1981 በአሜሪካ፣ በዴንቨር ከተማ የውሃ ድርጅት ነው። ዜሪስኬፕ አሉት፤ የመጀመሪያው ክፍል በግሪክኛ ደረቅ ማለት ነው። ከመርሆዎቹ ሁሉ ጓሮዬን የለወጠው አንዱ ነው፦ እኩል የሚጠሙትን አንድ ላይ ትከል። ጠጪና ታጋሽ በአንድ መደብ ከተቀመጡ አንዱን ስታድን ሌላውን ትገድላለህ። የእኔም ሮዝመሪ የሞተው ከአጠገቡ ያሉትን ጠጪ አበቦች ሳጠጣ ነው።

ስለዚህ ግቢውን ለሦስት ከፈልኩት። ከቤቱ ደጃፍ አጠገብ ትንሽ የለመለመ ቦታ ተውኩ፤ ዓይን ዘወትር የሚያርፍበት፣ ልጆችም የሚቀመጡበት ስለሆነ ሁለት በሦስት ሜትር የሆነ ሣር እዚያ አለ፣ ሌላው ሣር ተነሥቷል። መካከሉን አልፎ አልፎ ለሚጠጡት ለጄራኒየምና ለቡገንቪላ ሰጠሁ። ጎማው የማይደርስበትን ዳር ሮዝመሪ፣ ላቬንደር፣ እሬትና ቃጫ መሰሉ አጋቬ ያዙት።

ውበቱ ነው ያስጨነቀኝ። ደረቅ ጓሮ ማለት ጠጠርና እሾህ ብቻ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ፤ መጀመሪያም የሠራሁት ልክ ያንኑ ሆነ። ዳሩን በሙሉ ነጭ ጠጠር አለበስኩት። እኩለ ቀን ላይ ዓይን ያጭበረብራል፣ ሙቀቱን ወደ ላይ እየመለሰ የችግኞቹን የታች ቅጠል አቃጠለ። አብዛኛውን ለቅሜ አወጣሁና ቡናማ ጠጠር በመጠኑ ተካሁ። ከዚያ በኋላ አበባ መፈለጌን ትቼ ቅጠል ማየት ጀመርኩ። አጋቬ እንደ ጦር ይቆማል፤ ከሥሩ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ሴደም የተባለ አጭር ተክል ሲኖር መቆሙ ጎልቶ ይታያል። የላቬንደር ቅጠል ብርማ ነው፤ ከጥቁር አረንጓዴው ሮዝመሪ ፊት ሲሆን ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚያበራ ይመስላል። ብርማ ያደረገው ቅጠሉን የሸፈነው ስስ ጠጉር ነው፤ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ቅጠሉ አጠገብ ያለውን እርጥበትም ነፋስ እንዳይወስደው ይይዛል። እሬትና አጋቬ ደግሞ የቅጠላቸውን ቀዳዳ የሚከፍቱት በዋነኛነት ሌሊት፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው፤ ቀን ዘግተው ውሃቸውን ይጠብቃሉ። ተክሉ ጥምን የሚችልበት ጥበብ መልኩም ሆኖ ሳየው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ከየዓይነቱ አንዳንድ መትከልም አይበጅም። እኔ ከአንዱ ዓይነት ሦስት ወይም አምስት በአንድ ላይ ተክዬ፣ ያንኑ ዓይነት ራቅ ብሎ ደገምኩት። ዓይን የሚያውቀውን ነገር መልሶ ሲያገኝ ጓሮው በአንድ ሰው የታሰበ ይመስላል። አጋቬን ከመተላለፊያ ማራቅ ግን ግድ ነው፤ ጫፉ ይወጋል፣ ፈሳሹም ቆዳ ያሳክካል።

አፈሩን መሸፈን ቀላል ሥራ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ። ከቁጥቋጦዎቹ ሥር ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ፍቅፋቂና ደረቅ ቅጠል አነጠፍኩ፤ ግንዱን እንዳይነካ ዙሪያውን ክፍት ተውኩለት፣ አለዚያ ይበሰብሳል። ለእሬትና ለአጋቬ ሽፋኑ ጠጠር ብቻ ነው።

ለአትክልቱ መደብ የተቀበረ ማሰሮ እጠቀማለሁ። ቻይናውያን ይህን ዘዴ ከ2,000 ዓመት በፊት ጽፈውታል። ማሰሮው እስከ አንገቱ ይቀበርና ውሃ ተሞልቶ ይከደናል፤ በዙሪያው ያለው አፈር ሲደርቅ ውሃውን በሸክላው ግድግዳ በኩል ቀስ እያለ ይስበዋል፣ አፈሩ ሲረካ መሳቡ ይቆማል። መጀመሪያ የቀበርኩት ማሰሮ በሳምንቱም እንደሞላ ነበር፤ ላዩ በመስታወት መሰል ቅብ የተለበጠ መሆኑን አላስተዋልኩም። ያልተቀባ፣ ሲነኩት ሻካራ የሆነ ሸክላ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተቴ ከዘጠኝ ላቬንደር አምስቱን ያጣሁበት ነው። ድርቅ ይችላል ስለተባለ ከወር በኋላ ውሃ ከለከልኩት። ድርቅ የሚችለው ሥሩን የዘረጋ ተክል ነው፤ አዲስ ችግኝ ገና ያደገበትን የፕላስቲክ ከረጢት ያህል ሥር ብቻ ነው ያለው። የተኩትን አምስት በዝናብ መግቢያ ተከልኩ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ እያራራቅሁ ግን በጥልቀት አጠጣሁ። በሁለተኛው በጋ በሦስት ሳምንት አንዴ በቃቸው።

ለዚያ ለሸክላው ጥግ ደግሞ ጠጠርና ብስባሽ የተቀላቀለበት አፈር 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ቆለልኩና አናቱ ላይ አዲስ ሮዝመሪ ተከልኩ። አሁን ወገቤ ደርሷል፣ ሲያብብ ንብ አያጣውም። እንደ ድሮው ማለዳ ጎማ ይዤ እወጣለሁ፤ ከማጠጣቴ በፊት ግን ቀጭን እንጨት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ እሰካለሁ። ሳወጣው እርጥብ አፈር ከያዘ ጎማውን ጠቅልዬ እመለሳለሁ።