ከአቃቂ ማዶ፣ ካርታ የማያውቃቸው ስንጥቆች

ከአቃቂ ወደ ዱከም በአሮጌው መንገድ የሚጓዝ ሰው ዓይኑን የሚጥለው የረር ተራራ ላይ ነው። እኔ ተራራውን ትቼ ከመንገዱ ገባ ብሎ ወዳለ የቀይ አሸዋ ካባ አቀናሁ። ዘበኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «እዚህ ከድንጋይ በቀር ምን ይታያል፣ ልጄ?» አሉኝ። «እሱን ለማየት ነው የመጣሁት፣ አባባ» ስላቸው ሳቁና አሳለፉኝ።

ሎደር በቆረጠው ግድግዳ ላይ ቀይና ጥቁር ንብርብሮች ተደራርበዋል። አንዱን ቀይ መስመር በዓይኔ ስከተል ድንገት ተቋረጠና ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ቀጠለ። ራመድ ስል ሌላ ስንጥቅ፤ ከዚያም መንሸራተቱ ጣት የማይሞላ ሌላ። የእሳተ ገሞራ ጠጠር በራሱ ክብደት ተንዶም ስለሚሰነጠቅ በኮምፓስ እየለካሁ፣ እንደ ስምጥ ሸለቆው ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚያቀኑትን ብቻ መዘገብኩ።

እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር የሚያስለፋው ሒሳቡ ነው። 60 ዲግሪ ባዘነበለ ስንጥቅ ላይ አንዱ ወገን 100 ሜትር ቢሰምጥ፣ መሬቱ ወደ ጎን 58 ሜትር ያህል ይሰፋል። የምድር ቅርፊት ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚገመተው እነዚህን ስፋቶች በመደመር ነው። ታዲያ ትልልቆቹን ብቻ ብንደምርስ? 100 ሜትር የሰመጠ አንድ ስንጥቅ ባለበት፣ 10 ሜትር የሰመጡ ሁለት ብቻ፣ 1 ሜትር የሰመጡ ደግሞ አራት ቢሆኑ፣ ትንንሾቹን መተው ብዙም አይጎዳም። ቁጥራቸው በየደረጃው በአምስት እጥፍ ካደገ ግን 100 ሲደመር 50፣ ሲደመር 25 እያለ ድምሩ ወደ 200 ይጠጋል፤ ግማሹ ትልቁን ብቻ ላየ ሰው ተሰውሯል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የሥነ ምድር ተመራማሪዎቹ ሾልዝ እና ካዊ የትንንሾቹ ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም ብለው ተከራክረው ነበር። ሌሎቹ ተመራማሪዎች ማሬት እና ኦልመንዲንገር ደግሞ በ1992 ከሰሜን ባሕር ሥር ያለውን የቫይኪንግ ግራበን የተባለ ስምጥ መርምረው ድርሻውን ከ25 እስከ 60 በመቶ አደረሱት። እጅግ ሰፊ ልዩነት ነው! እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ሆኖም የአንዱን አካባቢ መቶኛ ወስዶ ሌላው ላይ መለጠፍ አይዋጥልኝም። እዚያው ወርዶ መቁጠር ያስፈልጋል።

ከካባው ጥግ ሠራተኞቹ ሳይነኩት የተዉት ቀጥ ያለ ጥቁር ዐለት ቆሟል። «ይኼ መዶሻ ይሰብራል እንጂ አይሰበርም» አለኝ አንዱ። ከሥር የወጣ ቅልጥ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የረጋበት ነው። ግራና ቀኙ ያሉት ንብርብሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፤ አንዳችም አልሰመጠም። መሬቱ ግን በዐለቱ ውፍረት ልክ ተከፍቷል። በአፋር ዳባሁ እ.ኤ.አ. በ2005 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቦታ እስከ 8 ሜትር የተከፈተው በዋናነት በዚሁ መንገድ ነበር። ስለዚህ ስንጥቆቹን አንድ ሳይቀር የቆጠረ ሰው እንኳ ሜትሩን እዚህ ዐለት ላይ ካላሳረፈ ሒሳቡ ይጎድልበታል። እኔም ሜትሬን አውጥቼ ከዳር እስከ ዳር ለካሁት፤ ሠራተኛው ሌላውን ጫፍ ያዘልኝ።